ያልዘሩትን ስለ መልቀም

የአገራችን ሰው የንብረትን ነገር የተማረው ከእርሻ ማሳ ላይ ነው። ያረሰ ይዘራል፣ የዘራ ያጭዳል፣ የሌላውን አዝመራ የነካ ደግሞ ሌባ ተብሎ ይጠራል። ይህ ፍርድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ በመሆኑ ማንም ሳይከራከር ይቀበለዋል። ዳሩ ግን ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያላረመው፣ ዝናም ባባራ ማግሥት ብቻውን ከመሬት ብቅ የሚል ነገር ሲገኝ ያ የለመድነው ፍርድ መልስ ያጥረዋል። እንጉዳይን የመሰለውን ነገር ማለታችን ነው። የዘራው ከሌለ ባለቤቱ ማን ነው? ባለቤት ከሌለውስ ለቅሞ የወሰደው ሰው በማን ፊት ይጠየቃል?

ይህ ጥያቄ ሥራ የፈታ ሰው የሚጫወትበት የቃል ክርክር መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ሐሳቡን ለጥቂት ጊዜ ወደ ካፋ እንዲያዞር እንለምነዋለን። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በቦንጋ ከተማ ዙሪያ ያለው ደን ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከ500,000 ሔክታር በላይ የሆነውን የካፋ ምድር በዓለም አቀፉ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ደኑ ግን የዛፍ መጋዘን ብቻ አይደለም። ቡና በጥላው ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅልበታል፤ ኮረሪማ በርጥቡ መሬት ላይ ያፈራበታል፤ ጥምዝ በዛፉ ግንድ ላይ ይጠመጠምበታል፤ ንብም ማሯን ታዘጋጅበታለች። ከነዚህ ሁሉ ትንሹ፣ ነጋዴ እምብዛም የማይጠይቀው እንጉዳይ ነው። ትንሽ ስለ ሆነም ነው ጥያቄውን በእርሱ የጀመርነው፤ በትልቁ ነገር ላይ ሲከራከሩ ጥቅም ዓይንን ይጋርዳልና።

ከኛ መካከል በሰሜኑ ደጋ ያደግን ሰዎች እንጉዳይን ይበልጥ የምናውቀው «የጅብ ጥላ» በሚል ስም ነው። ስሙ ራሱ ሰውን ከመብሉ ያርቃል። በደቡብ ምዕራብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በካፋ፣ በጨና ወረዳ የዋቻ ቀበሌ ነዋሪዎች ስላላቸው የእንጉዳይ አመጋገብ ልማድ የአገራችን ተመራማሪዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ጽሑፍ አሳትመዋል። ምሁራን በወረቀት ላይ እስኪያሰፍሩት ድረስ ግን የሚበላውን ከሚገድለው የመለየቱ ትምህርት ከወላጅ ወደ ልጅ በቃልና በዓይን ሲተላለፍ የኖረ ነው።

በምድር ላይ የምናየው እንጉዳይ ሙሉ አካሉ እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል። ዋናው አካል እንደ ክር የቀጠነ ሆኖ በአፈር ወይም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ ከላይ ብቅ የሚለው ጃንጥላ ፍሬው ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የለቀመ ሰው ፍሬ ወሰደ እንጂ ግንድ አልቈረጠም። በአገራችን ከሚበሉት መካከልም በምስጥ ኵይሳ ላይ የሚወጣ ዓይነት አለ። እርሱን ምስጦቹ በጉድጓዳቸው ውስጥ እንደ አትክልት ያለሙታል፤ እንጨትና ቅጠል እያኘኩ መደብ ያበጁለታል፤ እርሱም በፈንታው ምግባቸውን ያሰናዳላቸዋል። የሰው ልጅ በዚህ ሁሉ ዕውቀቱ ይህን እንጉዳይ ያለ ምስጥ በጓሮው አልምቶ ለገበያ ለማቅረብ ገና አልተሳካለትም። እንግዲህ «የዘራ ይጨድ» የሚለውን ፍርድ አጥብቀን ብንይዝ ባለ ንብረቱ ምስጥ ነው ማለታችን ይሆናል፤ ምስጥ ደግሞ አቤቱታ ይዞ ፍርድ ቤት አይቆምም።

ወደ ሰው ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1151ኛው አንቀጽ፣ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ሊያደርገው አስቦ በእጁ ያስገባ ሰው ባለሀብቱ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «እንጉዳይ ለቃሚው ነጻ ወጣ» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን እንጉዳዩ እስኪለቀም ድረስ ከመሬቱ ጋር ተያይዞ ያለ ነው፤ መሬቱም ባለቤት አለው። በ1957 ዓ.ም. የወጡት ሦስት አዋጆች ደኑን የመንግሥት፣ የግልና የመከላከያ ደን ብለው ለያዩት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ። ከዚያም ወዲህ በ1972፣ በ1986፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ደንን የሚመለከቱ አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል።

የሁሉንም ዝርዝር እዚህ ማስፈር አንባቢን ማሰልቸት ነው። የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ብቻ፣ ዛሬ በሌላ የተተካ ቢሆንም፣ አስተሳሰቡ በግልጽ ስለሚታይ እናንሣው። ያ አዋጅ በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ዛፍ መቍረጥን፣ መስፈርን፣ ከብት ማሰማራትን፣ ማደንን፣ ቀፎ መስቀልንና ማር መቍረጥን ከለከለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የየአካባቢው ሁኔታ እየታየ ነዋሪው ሣር እንዲያጭድ፣ የወደቀ እንጨት እንዲለቅም፣ ዕፀዋትንም እንዲጠቀም ሊፈቀድለት እንደሚችል ገለጸ። አካሄዱ መጀመሪያ በሩን መዝጋት፣ ቀጥሎ በወረቀት መክፈት ነው። ለግንድ ይህ አካሄድ መልካም ነው። አንድ ዝግባ ወይም አንድ ዋንዛ ፈቃድ እስኪመጣ ሦስት ወር ቢጠብቅ ምንም አይጐድልበትም፤ እንዲያውም ቢረሳ ለርሱ ይሻለዋል።

እንጉዳይ ግን ፈቃድ አይጠብቅም። ዛሬ ወጥቶ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ትል ይበላዋል። እኛም የቢሮ ሰዎች ስለ ሆንን አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ፊርማና ማኅተም እስኪያገኝ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንባቢው አይጠይቀን። እንግዲህ ይህን መሰሉን ነገር ሁሉ በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይለቀም ማለት ጨርሶ አይለቀም ማለት ነው፤ አይለቀም የተባለው ደግሞ ሲለቀም ይኖራል፤ ምክንያቱም ወጥ የሚፈላበት ቤት አለ። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ክብደት። ሊፈጸም የማይችል ሕግ ጥብቅ ሕግ እንዳይመስለን። ቅርጫቷን አንጠልጥላ በማለዳ ወደ ጫካ የገባችው እናት አንድ ቀን ከደን ጠባቂ ጋር ትገናኛለች። ጠባቂው ደግ ከሆነ ያሳልፋታል፤ ቂም ያለው ከሆነ ይይዛታል፤ ሆዳም ከሆነም ቅርጫቱን ተካፍሎ ይሰዳታል። በሦስቱም መንገድ የፈረደው ሕጉ አይደለም፣ የሰውየው ጠባይ ነው። ለደኑ የተጨመረለት ጥበቃ የለም፤ ሴቲቱ ግን እናቷ ያስተማረቻትን ሥራ ተደብቃ የምትሠራ ሆናለች። ተደብቆ መሥራትን የለመደ እጅ ነገ ከእንጉዳይ አልፎ ችግኙን ቢነካ ማን ይደነቃል?

«እንግዲያውስ ሁሉም እንደ ፈቀደ ይልቀም» የሚል አለ። ይህም ቢሆን ደግነት መስሎ የሚታይ ስንፍና ነው። ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ፍሬ ሳይበስል ይለቀማል። ቡናው ይቅላ ብሎ የታገሠ ሰው ሲመለስ ባዶ ቅርንጫፍ ያገኛል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት እርሱም አረንጓዴውን ያራግፋል። ኮረሪማውም እንደዚሁ ነው። ጥምዙን ለመልቀም የሚቸኩል ሰው ሐረጉን ከሥሩ ቈርጦ ይጥለዋል፤ የጫካ ማር የሚፈልግም ጭሱን ሳያጠፋ ጥሎ ይሄዳል። ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር እንጉዳይ ለቃሚው እጅግ የዋህ ነው። ስለዚህ «የደን ውጤት» በሚለው አንድ ስም ሥር የምናጭቃቸው ነገሮች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። የመልቀሙ ክፉና ደግነት የሚታወቀው በተወሰደው ነገር ሳይሆን እጅ ከተነሣ በኋላ በቀረው ነገር ነው።

ይህን ልዩነት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲፈልጉት ኖረዋል። በኦሪት ዘዳግም፣ ወደ ባልንጀራው የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ እንዲበላ ተፈቅዶለት፣ በዕቃው ውስጥ እንዳይጨምር ግን ተከልክሏል። በአፍና በዕቃ መካከል የተሰመረው ይህ መስመር ድንቅ ነው፤ ረኃብን ከስስት ይለያል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1217 የወጣው የደን ቻርተር ነጻ ሰው በገዛ ደኑ የተገኘ ማር የራሱ እንዲሆን አረጋገጠ። ከዚያ ከ750 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በዚያው አገር የወጣው የስርቆት ሕግ በማንኛውም መሬት ላይ ራሱ የበቀለውን እንጉዳይ የለቀመ ሰው ሌባ አይባልም፤ ሌባ የሚባለው ለሽያጭ ወይም ለሌላ ንግድ የለቀመው እንደ ሆነ ነው አለ። ኢጣልያም በ1993 ባወጣችው ሕግ የአንድ ሰው የቀን ለቀማ ከ3 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነች፤ በላስቲክ ከረጢት መያዝንም ከለከለች፤ ነፋስ በሚገባበት ቅርጫት ሲያዝ የእንጉዳዩ ዘር በመንገድ ላይ እየበነነ ይራባል በሚል ሐሳብ ነው። ይህች ድንጋጌ ደስ አሰኝታናለች። ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለ ቅርጫት ቀዳዳ ሲያስብ መዋሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ከነዚህ አንዱን ተርጕመን በደቡብ ምዕራብ ክልል ብናውለው አይበቃም ወይ? አይበቃም። የእንግሊዙ ሕግ «ለቤት ከሆነ ይሁን፣ ለሽያጭ ከሆነ ስርቆት ነው» ሲል በልቡ ያሰበው ለመንሸራሸር ወደ ጫካ የሚወጣ፣ እራቱን ግን ከሱቅ የሚገዛ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው መሸጥ ማለት ከተድላ ወደ ትርፍ መሻገር ነው። በቦንጋ ገበያ ግን ያላትን ጥቂት የጫካ ፍሬ በቅጠል ዘርግታ የተቀመጠች ሴት የምትሸጠው ጨውና ሳሙና፣ ለልጇም ደብተር ልትገዛበት ነው። እርስዋ መሸጧ መብላቷ ነው። የሽያጭን ነገር መስመር አድርገን ብናሰምር ድኻይቱን ከውጭ ትተን ጠግቦ የሚንሸራሸረውን ከውስጥ እናስገባለን። በተቃራኒው ደግሞ የስዊድን ልማድ አለ። በዚያ አገር ማንም ሰው በሌላው ደን ተዘዋውሮ እንጆሪና እንጉዳይ እንዲለቅም ከጥንት የተፈቀደ ነው፤ ለሽያጭ ቢሆንም አይከለከልም። ነገር ግን ለእግረኛ የተሰጠውን ይህን ነጻነት ኩባንያዎች ተጠቀሙበትና ከታይላንድ ድረስ በየዓመቱ ብዙ ለቃሚዎችን እያመጡ የዱር ፍሬውን በገፍ ማስለቀም ጀመሩ፤ ስለ ሠራተኞቹ አያያዝም ብርቱ ክርክር ተነሣ። መብቱ ያው ነው፤ በመብቱ ውስጥ የገባው ሰው ግን ሌላ ሆነ።

እንደኛ ሐሳብ መስመሩ መሰመር የሚገባው በጀርባ ሸክምና በመኪና ጭነት መካከል ነው። ሰው በገዛ ጀርባው ሊሸከም የሚችለው ነገር ተፈጥሮ ራሷ የሰጠችው ልክ ነው፤ ቢበላውም ቢሸጠውም ከልክ አያልፍም። መኪና አቁሞ በመንደሩ ሰው እጅ የሚያስለቅመው ግን ለጫካው ጭንቅ የለውም፤ አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፈቃድም ጽሑፍም ማኅተምም የሚያስፈልገው ለርሱ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ቀደም ሲል እንጉዳይን የዘራው የለም ብለናል፤ ነገር ግን ያልለፋበት የለም ማለታችን አልነበረም። ሁለት እንጉዳዮች በመልክ ተመሳስለው አንዱ ወጥ፣ አንዱ ሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የስንት ትውልድ ዓይን፣ ምናልባትም የስንት ቤት ለቅሶ እንዳስፈለገ ማን ቈጥሮታል? በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዛፍ ሥር፣ ከየትኛው ዝናም በኋላ እንደሚወጣ ማወቅም እንደ እርሻ ድካም ነው። ስለዚህ የለቃሚው ላብ በማሳ ላይ ባይንጠባጠብም በዕውቀቱ ውስጥ አለ። ዕውቀት ደግሞ ኃላፊነት ያመጣል፤ የማያውቀውን እንጉዳይ ለጎረቤት የሚልክ ወይም ለገበያ የሚያወጣ ሰው ከደኑ ባይሰርቅ እንኳ በሰው ነፍስ ቀልዷል።

ዕውቀትና ጥበቃ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ካፋ ራሷ ምስክር ናት። በዚያ አገር ኮቦ የሚባል የቆየ የደን ይዞታ ሥርዓት አለ። አንድ ቤተ ሰብ በደኑ ውስጥ የታወቀ ክልል ይኖረዋል፤ በዚያም ክልል ቀፎ የመስቀል መብት የርሱ ነው፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቀፎ የሚሰቀለው በትልልቅ ዛፎች ላይ ስለ ሆነ ባለ ኮቦው ዛፉ እንዳይወድቅ የሚቈረቈርበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ካፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለች በኋላ ግን ብዙው መሬት ከሩቅ ለመጡ ሹማምንትና ወታደሮች ተሰጠ፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህም ደኑ የመንግሥት ሆነ። በወረቀት ላይ ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። በጫካው ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን በአንድ ነገር ተመሳስለውበታል፤ በሁለቱም ዘመን ስለ ደኑ የሚወስነው ደኑን የማያውቅ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦንጋ አካባቢ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ ተጀመረ። በአገራችን እንዲህ ያለው ሥራ በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። የመንደሩ ሰዎች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማሉ፤ የተከለለላቸውን ደን ይጠብቃሉ፤ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን ደግሞ በሥርዓት ይጠቀማሉ። የ2010 ዓ.ም. አዋጅም ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን የሚባል እንዳለ በሕግ አውቆታል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከላይ ያነሣነውን የጠባቂውንና የሴቲቱን ነገር የሚያቃናው ይህ ነውና። ለቃሚዋ የምትጠየቀው በማታውቀው ባለሥልጣን ፊት ሳይሆን ከርሷ ጋር ከአንድ ምንጭ በሚቀዱ ጎረቤቶች ፊት ይሆናል።

ነገር ግን «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁሉ ገብቶበታል ብለን ዝም ማለት አይገባም። በካፋ ማንጆ ተብለው የሚጠሩት ወገኖች ከሌላው ይልቅ በአደን፣ በማገዶ፣ በከሰልና በደን ፍሬ ሲተዳደሩ የኖሩ ናቸው። ከዚሁ ጋር በተያያዘ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡና እንዳይጋቡ ለብዙ ዘመን ተለይተው ቆይተዋል። ነገሩ እጅግ ያሳዝናል። ከጫካ መብላት የውርደት ምልክት ተደርጎ ሲቈጠር ኖሮ፣ ዛሬ ያው የጫካ ፍሬ «የካፋ የደን ቡና»፣ «የካፋ የደን ማር» እየተባለ ባሕር ተሻግሮ በክብር ይሸጣል። የማኅበር መዝገብ ሲከፈት ቀድመው የሚጻፉት መሬት ያላቸው፣ በስብሰባ መናገር የለመዱ፣ የቤት አባወራ የሆኑ ሰዎች ናቸው። መሬት የሌለው፣ ኑሮው በመልቀም ብቻ የሆነ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ቢቀር፣ ውሉ በተፈረመ ማግሥት እርሱ በአያቱ ጫካ ውስጥ ወንበዴ ይሆናል። የጥንቱ ልማድ ከማዕድ ለየው፤ አዲሱ ውል ደግሞ ከጫካው ይለየዋል ማለት ነው። ሚስቶችም በባሎቻቸው ስም ተጠቅልለው የሚቀሩ ከሆነ፣ የትኛው እንጉዳይ የት እንደሚወጣ የምታውቀው ሴት ስለዚያ በሚመከርበት ጉባኤ ላይ አትገኝም።

እኛ መመሪያ ጻፉ ብንባል ብዙ ገጽ አንፈጅም ነበር። በጀርባ ለሚወጣው እንጉዳይ ወረቀት አይጠየቅ እንላለን፤ በመኪና ለሚወጣው ግን ከማኅበሩም ከወረዳውም ፈቃድ ይጠየቅ። ቡናና ኮረሪማ የሚለቀምበትን ቀን ማኅበሩ ቈርጦ ያስታውቅ፤ ከዚያ ቀን በፊት የለቀመ በጎረቤቶቹ ሸንጎ ይጠየቅ። መዝገቡም መሬት የሌለውን ሰው ከነሙሉ ስሙ፣ ሚስትንም በራስዋ ስም ይያዝ።

አንድ ነገር ግን በቀላሉ አልተፈታልንም። የባዮስፌሩ ጥብቅ ሥፍራ እምብርት የሚሆን ክልል አለው፤ በዚያ ውስጥ ምንም ዓይነት መልቀም እንዳይኖር የተወሰነ ነው። እንጉዳይ መልቀም ደኑን የማይጎዳ ከሆነ እዚያስ ለምን ይከለከላል? እኛ ክልከላውን እንቀበለዋለን፤ ይኸውም እንጉዳዩ ያልቃል ብለን ሳይሆን፣ ቅርጫት የሄደበት መንገድ ነገ የመጥረቢያ መንገድ ስለሚሆን ነው። ነገር ግን ያ እምብርት ከመከለሉ በፊት በዚያ ትለቅም የነበረች ሴት ካለች፣ ምልክት ተክሎ «ከዚህ አትለፊ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ከምልክቱ ወዲህ እንጉዳይ የሚወጣበት ሌላ ቦታ ለርሷ ሊለይላት ይገባል። ያን ቦታ ከቢሮ ሆኖ በካርታ ላይ የሚያሳይ ሠራተኛ የለም። በመጀመሪያ እርስዋ ራስዋ በስሟ ተጠርታ መጠየቅ አለባት።